ከስድስት ሜትር በላይ

የተፋሰሱ የአየር ንብረት ባለሙያ ዐሥራ አንድ የኮምፒውተር ስሌት ሞዴሎች አሰልፋ፣ ወንዙ በመጪዎቹ ሃምሳ ዓመታት ምን ያህል እንደሚሞላ ስታሰላ ከረመች። ዐሥራ አንዱም ተማክረው የመጡ ይመስል ጎርፉ ከስድስት ሜትር ተኩል አያልፍም አሉ። አለቃዋ ደስ አለው። ለወንዙ ዳር ሰፈር ሊሠራ የታሰበው የመከላከያ ግንብ ሰባት ሜትር ነውና ይበቃል ማለት ነው። ሪፖርቱ ሰኞ ይፈረም ተባለ።

እሷን ግን አንድ ነገር ከነከናት። ሞዴሎቹ ስለ ወደፊቱ ከመናገራቸው በፊት ካለፈው መዝገብ ጋር እንዲስማሙ ይስተካከላሉ። በመዝገቡ ደግሞ በሦስቱ ክፉ የጎርፍ ዓመታት የተጻፈው ያው ስድስት ሜትር፣ ቅንጣት ሳይጨምር ሳይቀንስ ነው። ውሃ እንዲህ ጨዋ ሆኖ አያውቅም! የእጅ ጽሑፉን አላጣችውም፤ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ በየማለዳው ወንዙ ውስጥ የቆመውን የመለኪያ ዘንግ ሲያነብ የኖረው አባቷ ነው።

ቅዳሜ አባቷ ወደሚኖርበት የወንዙ ዳር ሰፈር ወርዳ ጠየቀችው።

«አባዬ፣ ሦስቴም ስድስት? የምርህን ነው?»

«ዘንጉ ስድስት ላይ ያልቃላ!» አላት ቆጣ ብሎ። «ውሃው ዋጠው። ያነበብከውን ጻፍ ተብያለሁ፣ የመጨረሻዋን ቁጥር ጻፍኩ። የማላየውን ከየት ላምጣ?»

«ታዲያ የት ደረሰ?»

እጇን ይዞ ጓዳ በር ላይ አቆማት። ከጉበኑ በላይ፣ ከሦስቱ የከፋው ጎርፍ የደረሰበትን ራሱ በምስማር የጫረው መስመር አለ። ከሥሩ በመቃኑ ላይ የእሷ ቁመት በየዓመቱ የተለካባቸው ጭረቶች ተደርድረዋል። ልጅ ሳለች እዚያ ላይኛው መስመር ድረስ ማደግ ያለባት ይመስላት ነበር።

በመለኪያ መሣሪያ ከዘንጉ ጋር ስታመሳክረው ስምንት ሜትር ከሃያ ሳንቲሜትር ሆነ። እሑድን ሙሉ ሞዴሎቹን በአዲሱ ቁጥር አስኬደቻቸው። ዘጠኝ ሜትር ተኩል አሏት።

ሰኞ አለቃዋ አዲሱን ውጤት ሰምቶ የድሮውን ሪፖርት እንድትፈርም ገፋ አደረገላት።

«በምስማር ጭረት ጥናት አይሠራም። ደግሞ ይሄ ከወጣ አባትሽ የተሳሳተ መዝገብ ሲያስረክብ ኖረ ሊባል ነው። የገዛ አባትሽን ስም ታጠፊያለሽ?»

 ሪፖርቱን መልሳ ወደ እሱ ገፋችው።

«አልፈርምም። ስሙን ላጥፋ ወይስ ሰፈሩን? ከፈለጉ ያባርሩኝ፤ በፊት ግን መጥተው ይዩት!»

ያለ እሷ ፊርማ ሪፖርቱ ንቅንቅ አይልም። አለቃዋ እያጉረመረመ መኪና ውስጥ ገባ።

አባቷ በሩ ላይ ጠበቃቸው። አለቃው ረጅም ሰው ነው፤ ከጉበኑ ሥር ሲቆም ግን መስመሩ ከአናቱ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ አለፈ። ቀና ብሎ አየው።

ሽማግሌው የድሮ መዝገቡን ገልጦ ከነእርሳሱ ዘረጋለት።

«ስህተቱ የኔ ነው፣ አልክድም። ያኔ ዘንጉ አለቀብኝና ዝም አልኩ» አለው። «እርስዎ ግን ይኸው ከሥሩ ቆመው አይተውታል። ይጻፉት።»