በአምስት እጅ የተዘጋ በር

ልብስ ሰፊዋ የስፌት ማኅበሩን ቃለ ጉባኤ ዘጠኝ ዓመት ጽፋለች፤ አንዲት ስርዝ የለበትም። የኮሚቴው ስብሰባ በዝግ የሚካሄደው ከሰባቱ አባላት አምስቱ እጅ ካወጡ ብቻ ነው፣ ከአዳራሹም ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው ይወጣል የሚለውን ደንብ ያረቀቀችው እሷው ናት። ያኔ “ይቺ ሴትዮ ለወረቀት ትሞታለች” ብለው ስቀውባት ነበር።

ሰኞ ጠዋት የተሰበሰቡት ስለ መስፊያ ክፍሉ የመስኮት ቦታ ነው። ቦታው የእሷ ነው። ዓይኗ ከደከመ ወዲህ ያለዚያ ብርሃን መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ማስገባት አትችልም፤ ከዚያ ከተነሣች ሥራዋ አበቃለት።

“በሩ ይዘጋ” አለ ሰብሳቢው።

“ምክንያቱ ሳይመዘገብ በር አይዘጋም፣ ጋሼ።”

“የግል ጉዳይ ብለሽ ጻፊዋ።”

“የማን?”

ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠረገ። “ያንቺ ነው፣ እህቴ። ደንቡን ደግሞ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ።”

ጻፈች። እጅ ይውጣ ሲባል ከእሷ ሌላ ካሉት ስድስት አባላት አራት ቆጠረች፤ ልቧ መለስ አለላት። አንደኛው አዛውንት ቁልፍ ሰፊ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። የቀረው ታናሽ ወንድሟ ነው፤ ካውያ አያያዝ ያስተማረችው፣ “እኔ ዋሱ ነኝ” ብላ ለኮሚቴ ያስመረጠችው ልብስ ተኳሹ ወንድሟ። ዓይኑን ከጠረጴዛው ሳያነሣ እጁን ቀስ ብሎ አወጣ።

ባጎረሰች እጇን ተነከሰች። የእናቷ ልጅ ከዳት፤ ሌላ ስም የለውም። ቢሆንም “አምስት” ብላ ጻፈች፤ ውሸት መጻፍ አልለመደባትም።

“እትዬ፣ ለአንቺው ብዬ ነው” አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “ዓይንሽም ደክሟል፣ ትንሽ ብታርፊ…”

“ለኮሚቴ ከምትነግር ለኔ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?”

እሷም ተነሥታ መዝገቡን ፊቱ አስቀመጠችለት። “እንግዲህ አንተው ጻፍ።”

ብዕሩን አልነካም። ሰብሳቢው “አያይዘዋ፣ ምን ትጠብቃለህ?” ሲለው ከኮቱ ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። መነጽሯን አስተካክላ በትከሻው አሻግራ አነበበች። ጽሕፈቱ የወንድሟ ነው። “ኮሚቴው በዝግ ስብሰባ በሰፊው ከተወያየ በኋላ የመስኮቱ ቦታ ለተኳሹ ሚስት እንዲሰጥ በሙሉ ድምፅ ወስኗል” ይላል። ከሥሩ ስብሰባው ያበቃበት ሰዓት ሳይቀር ተሞልቷል፤ አምስት ሰዓት ተኩል።

የግድግዳው ሰዓት ገና አራት ከሩብ ነበር።

“እስከዚያ ምን ልታወሩ ነው?” ብላ ጠየቀች።

ወጣችና በሩን ራሷ ዘጋችው።