ሳጥን ውስጥ የተቆለፈው ጫማ

እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። ሜትር አታነሳም፤ ደንበኛዋን አንዴ ገርመም አድርጋ ጨርቁን ትቆርጠዋለች፣ ልክክ ይላል። ጉድ የሠራት ይኸው ነው። ልጆቿንም በዓይኗ ለካች።

ታላቋን «ቀዥቃዣ» አለቻት። እውነቷን ነው፣ አፏ አያርፍም፣ በር ስትዘጋ ግድግዳው ይነቃነቃል። ታናሿ ደግሞ አንገቷን ደፍታ የምትሄድ፣ ተንበርክካ ስትጸልይ ሻይዋ የሚቀዘቅዝባት ልጅ ናት። እሷን «መነኩሲቷ» አለቻት። መነኩሲቷ ወደ ማታ ለጸሎት ስትወጣ የት ነበርሽ የሚላት የለም።

ታላቋ ግን ተከትላት አየች። ታናሿ ጸሎት ቤት አልሄደችም። ከሰፈሩ ጀርባ ተጀምሮ የቀረ ፎቅ አለ፤ ጎረምሶቹ ከታች እያጨበጨቡ እሷ አራተኛው ፎቅ ላይ በጠባቡ ጠርዝ ወዲያና ወዲህ ትራመዳለች። ታላቋ ወጥታ እጇን ይዛ እየጎተተች አወረደቻት። ለምን ብትላት፣ «ስጸልይ የሚሰማኝ ያለ አይመስለኝም። እዚያ ላይ ስቆም ግን ልቤ ጸጥ ይላል» አለቻት።

ታላቋ ጨነቃት፣ ለእናቷ ተናገረች። እህቴ ምን አደረገች? በቅናት የእህትሽን ስም ታጠፊያለሽ ብላ በጥፊ አለቻት። ከዚያም ማታ ማታ እህቷን ተከትላ እንዳትዞር የታላቋን ጫማ ሳጥን ውስጥ ቆለፈችው፣ ቁልፉን አንገቷ ላይ አንጠለጠለችው። እኔ ይህን የሰማሁት ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው። ቀድሜ ብሰማ ያንን ቁልፍ ከነክሩ በጥሼ እጥለው ነበር፤ አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

በማግስቱ መነኩሲቷ ወጣች። ታላቋ ጫማዬን ስጪኝ፣ ዛሬን ብቻ፣ ብላ ለመነች። እህቴ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ መስፋቷን ቀጠለች። ልጅቷ አልሆን ሲላት በባዶ እግሯ ሮጠች። ፎቁ ሥር ስትደርስ ሰው ተሰብስቧል።

ሐኪም ቤት የደረስኩት ሐኪሙ ወጥቶ አልተረፈችም ሲለን ነው። እህቴ መሬት ላይ ተዘረረች፣ አለቀሰች፣ ፊቷን ነጨች። ድንጋጤ ሰውን ምን እንደሚያናግረው አይታወቅም፤ ቀና ስትል ዓይኗ የታላቋ እግር ላይ አረፈ። ጠጠርና ሚስማር የበላው እግር፣ ደሙ ወለሉን ነክቶታል።

«ጫማሽስ?» አለቻት።

«ሳጥንሽ ውስጥ ነው፣ እማዬ።»

ያቺ አፏ የማያርፍ ልጅ ከዚያ ወዲህ ቃል አልወጣትም። እህቴ ጫማውን አውጥታ፣ አጽድታ፣ በሩ አጠገብ አስቀምጣዋለች። ልጅቷ ግን የትም አትሄድም።