የባሌ አነዳድ

ሾፌሮቹ «ሰላይዋ» ይሉኛል። ይበሉኝ፤ እውነታቸውን ነው። እያንዳንዱ አውቶቡስ ውስጥ ትንሽ ሳጥን አለች። ሾፌሩ ፍሬን ሲረግጥ፣ ነዳጅ ሲሰጥ፣ መሪ ሲያዞር መዝግባ ለእኔ ትልካለች። እኔ ቢሮ ተቀምጬ ነጥብ እሰጣለሁ። ለሚሰድበኝ አልቀንስም፣ ለሚያሞግሰኝም አልጨምርም።

ዘንድሮ ኃላፊው «አንድ ጎበዝ ሾፌር ምረጪና መለኪያ አድርጊው፤ ሳጥኗ ሌሎቹን በእሱ ታሠልጥናቸው» አለኝ። ማንን ልምረጥ? ሃያ ሁለት ዓመት ሰው ሳይገጭ፣ መኪና ሳይቧጭር የነዳው ባሌ ነው። ከአራት ወር በፊት ባዶ አውቶቡስ ወደ ግቢ ሲመልስ መስመሩ ላይ ያለው ድልድይ ላይ ልቡ ቆመና መሪው ላይ እንዳለ ሞተ። የአሥራ አንድ ወር አነዳዱ ግን ኮምፒውተሬ ውስጥ ነበር። ሁሉንም አስገባሁት። የመጨረሻውን ቀን መቁረጥ እንዳለብኝ አላጣሁትም። እጄ እምቢ አለኝ።

እንደ ባሌ የነዳ አረንጓዴ ይበራለታል፣ ያልነዳ ይጮህበታል። በወሩ የሚያንገጫግጭ ሾፌር ጠፋ። ኃላፊው ጥርሱ አልከደን አለ።

አንድ ማክሰኞ እረፍት ወጥቼ ሰገነቴ ላይ ልብስ ሳሰጣ አውቶቡስ መጣና ቤቴ ፊት ለፊት ቀዝቀዝ አለ። እዚያ ፌርማታ የለም። ባሌ ብቻ ነበር እዚያ ጋ ሲደርስ ቀዝቀዝ ብሎ፣ ቀና ብሎ አይቶኝ፣ ሁለት ጣቱን ከመሪው የሚያነሳልኝ። ይሄኛው ሾፌር ገና ሦስት ሳምንቱ ነው፤ ባሌን በዓይኑ አላየውም። አንገቱን ወደ እኔ አዞረ። ሁለት ጣቱን አነሳ።

ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። መቀዝቀዙን ሳጥኗ አስተማረችው እንበል። ጣቱን ማን አስተማረው? ሳጥኗ ጣት አታውቅም። ቀጥሎ የመጣውም እንደዚያው አደረገ። ሦስተኛዋ ሴት ሾፌር ነበረች፤ እሷም አደረገችው። ፊታቸው ላይ ምንም የለም፤ ያደረጉትን የሚያውቁም አይመስሉም።

መናገር ነበረብኝ። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። እንዲያውም እረፍት ማብዛት ጀመርኩ፤ ጸጉሬን ተሠርቼ ሰገነት ላይ እቆም ነበር። እውነቱን ልናገር፣ አንጀቴን አራሰው።

ታናሽ ወንድሜም በዚሁ መስመር ነው የሚነዳው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቢሮ ሳለሁ ከመነሻው ፌርማታ ደወለልኝ።

«እትዬ፣ እንዳትስቂብኝ። ድልድዩ ላይ ስደርስ ግራ እጄ ይደነዝዛል። እግሬ ይላላል። እኔ ነፍሴ ልትወጣ ነው፣ ያቺ ሳጥንሽ ደግሞ አረንጓዴ ታበራልኛለች።»

«ሐኪም ጋ ሄደሃል?»

«ሄጄ ነበር። ምንም የለብህም ብሎ መለሰኝ። ድልድዩን ስጨርስ ይለቀኛል።»

ስልኩን ሳልዘጋ የእሱን መዝገብ ከባሌ የመጨረሻ ቀን ጎን አስቀመጥኩት። ባሌ ድልድዩ ላይ መሪውን ሳይነካ ሰባት ሰከንድ ሄዶ ነው ያበቃለት። ወንድሜ ከትናንት ወዲያ አራት ሰከንድ፣ ትናንት አምስት፣ ዛሬ ጠዋት ስድስት። ፕሮግራሙ የመጨረሻውን ቀን ከሁሉም አብልጦ እንደሚያምን ያኔ ትዝ አለኝ። ክው አልኩ።

«እንዳትወጣ» አልኩት።

«ሰው ጭኜ? ነጥብ ልትቀንሺብኝ አማረሽ እንዴ?» ብሎ እየሳቀ ዘጋው። ደግሜ ደወልኩ። አያነሳም። እየነዳ ስልክ ያነሳ ሃያ ነጥብ ይቀነስበታል፤ ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ።

የመጨረሻውን ቀን ብቻ ላወጣ ሞከርኩ። አንዴ ተደባልቋል፣ አይለይም። «ሁሉም ይጥፋ?» ይላል ስክሪኑ። ካርታው ላይ የወንድሜ አውቶቡስ ወደ ድልድዩ እየተጠጋ ነው። እኔ ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሰገነቴን እያሰብኩ ነበር። አውቶቡሱ ድልድዩ ላይ ሲወጣ አየሁት። አንድ ሰከንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ዝም ብዬ አየሁ። ከዚያ «አዎ» የሚለውን ተጫንኩት።

አውቶቡሱ ድልድዩ መሃል ቆመ። «የፊት በር ተከፈተ» አለ ስክሪኑ። ትንሽ ቆይቶ «ተዘጋ» አለ። ወዲያው ስልኬ ጮኸ።

«እትዬ፣ ቆሜያለሁ። እጄ መጣልኝ።» ትንፋሹ ይቆራረጣል።

«በሩን ለምን ከፈትክ?»

«አልከፈትኩም።»

«ማን ወረደ?»

«ማንም። ሁሉም እንደተቀመጠ ነው። ግን አውቶቡሱ ቀለለኝ። ምን አድርገሽ ነው?»

ባሌን መንገድ ላይ አወረድኩት ልለው አፌ አልታዘዘኝም። «ቀስ ብለህ ንዳ» ብዬው ስልኩን ዘጋሁና፣ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ እንደ ቀብሩ ቀን አለቀስኩ።