የኪዳኑ እህት

ሁለቱ ሰዎች ንፍሮውን አልነኩትም። ሳህኑ ፊታቸው ደርሶ ወደሚቀጥለው አለፈ፤ ቡናም ሲመጣላቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አመስግነው መለሱት። ከድንኳኑ መግቢያ አጠገብ፣ የሚገባውና የሚወጣው ሁሉ ከሚታይበት አግዳሚ ላይ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ትናንትም እዚያው ነበሩ። ቆሰበር ውስጥ ለቅሶ ቤት የሚገባ ሰው የማን ዘመድ እንደሆነ ይታወቃል። እነዚህን ግን የሚያውቃቸው አልተገኘም፤ ማን ናችሁ ብሎ የጠየቃቸውም የለም።

እናትነሽ አንደኛውን አውቃዋለች። ያወቀችው በመልኩ አይደለም፤ በድምፁ ነው። ትናንት ሲገባ ጎንበስ ብሎ "እግዜር ያጽናዎት" ሲላት ለየችው። ባለፈው ሰሞን ባሏን የሥራ ቤቱ በር ላይ አቁሞ የጠየቀው ያ ድምፅ ነው።

ባሏ ኪዳኑ አናጢ ነበር። ሰፈሩ ግን ይበልጥ የሚያውቀው በካቴኪስትነቱ፣ በሃይማኖት አስተማሪነቱ ነው። የቆሰበር ካቶሊኮች ጥቂት አባወራዎች ናቸው። ቄሱ አባ ብሥራት የሚኖሩት ዳንግላ፣ በዋናው ደብር በቁምስናው ውስጥ ስለሆነ እዚህ የሚመጡት ለቅዳሴ ብቻ ነበር፤ መንገዱ መዘጋት ከጀመረ ወዲህ እሱም ቀርቷል። እሑድ እሑድ ደወሉን የሚደውለው፣ ሰዉን ሰብስቦ ጸሎት የሚመራው፣ ልጆቹን ትምህርተ ክርስቶስ የሚያስተምረው ኪዳኑ ነበር። የሬሳ ሳጥን ሲያንኳኳ ሟቹ ካቶሊክ ነው ኦርቶዶክስ ነው ብሎ ጠይቆ አያውቅም። ሰፈርተኛውም ይህን አልረሳለትም፤ ድንኳኑን የተከለው፣ እዝኑን ተሸክሞ የመጣው፣ አብዛኛው የሚካኤልና የማርያም ምእመን ነው። የጎደሉት የራሱ ሰዎች ናቸው። አባ ብሥራት ለፍትሐቱ አልደረሱም። ባሕር ዳር ያለችው የኪዳኑና የእናትነሽ አንዲት ልጅ ፀደይም ኔትወርክ ስለሌለ አባቷ መሞቱን እንኳ አልሰማችም።

ነገሩ የጀመረው በአንድ ሬሳ ነው።

ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ አዘና በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንድ ወጣት ተገድሎ ተጥሎ ነበር። ማን እንደገደለው፣ የየትኛው ወገን እንደሆነ አይታወቅም። ያነሳው ሰው ግን ወገኑ ተብሎ እንደሚያዝ ሁሉም ያውቅ ነበር። ባጃጁም ጋሪውም ጥግ እየያዘ አለፈው። ዝናቡ ሲወርድበት ዋለ፤ አደረ፤ በማግሥቱም ዋለ። ኪዳኑ ከገበያ ሲመለስ አይቶት ነበርና ቤት ገብቶ ምሳውን ሳይቀምስ ተቀመጠ።

"ሙታንን መቅበር የምሕረት ሥራ ነው እያልኩ ልጆቹን አስተምራለሁ" አላት። "እኔም ዞር ብዬ ካለፍኩ እሑድ ምን ብዬ ፊታቸው እቆማለሁ?"

ለመነችው። ፀደይን አንስታ ለመነችው። እሱም አዳመጣትና ስትጨርስ ከሣጥኑ ውስጥ ነጩን አንሶላ አውጥቶ ወጣ። ሽባባው የሚባል ባለጋሪ ጎረቤት አለ፤ ፈሪ ነው፤ ኪዳኑን ግን እምቢ ማለት አይሆንለትም። ሬሳውን ጋሪው ላይ ሳር አልብሰው አመጡትና በካቶሊኩ ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ከኮሶው ዛፍ አጠገብ ቀበሩት። ኪዳኑ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ሲመለስ ውሃ እያፈሰሰችለት አንድ ነገር ነገራት፦ የልጁ የግራ እጁ ትንሿ ጣት ከሥሯ የለችም። "እናቱ ፈልጋ ብትመጣ የምንነግራት ይኖረናል" አለ።

ከዚያ ሁለቱ ሰዎች መጡ። እናትነሽ ከጣውላው ጀርባ ቆማ ነበር። አስቀድማ፣ ከመጡብህ አላውቅም በላቸው፣ አንዲት ቃል ናት ብላ አጥብቃ ነግራው ነበር።

"አንተ ነህ የቀበርከው?" አለው ያ ድምፅ።

"እኔ ነኝ።"

"ምንህ ነው?"

"ምኔም አይደለም። ሰው ነው።"

"ማን ረዳህ?"

ለዚህኛው ኪዳኑ መልስ አልሰጠም። ሰዎቹም አልተቆጡም፤ አልደነፉም። ጫማቸው ጠጠሩን እየረገጠ ሲርቅ ሰማች። ቢቆጡ ይሻላት ነበር። በሚቀጥለው እሑድ ጸሎቱ አብቅቶ የግቢውን በር ሲዘጋ ተተኮሰበት። የተኮሰውን አየሁ ያለ አልተገኘም።

የእድሩ ዳኛ አቶ ይኸነው ከኪዳኑ ጋር አንድ ደጅ ላይ ያደጉ ሽማግሌ ናቸው። መቃብር ቆፋሪዎቹ ኮሶው አጠገብ ገና ያልጠነከረ የአፈር ክምር አይተው ቀና ሲሉ፣ "ወዲያ ራቅ አድርጋችሁ ቆፍሩ" አሉ እንጂ ሌላ ቃል አልተናገሩም። ወሬው ግን ከቀብር ሲመለሱ አብሮ ተመለሰ። አሁን በድንኳኑ ውስጥ ሴቶቹ ጆሮ ለጆሮ ገጥመው የሚያንሾካሹኩት ስለዚያ ክምር ነው፤ አግዳሚው ላይ ያሉትም የሚጠብቁት ለተቀበረው ልጅ የሚያለቅስ ሰው ይመጣል ብለው እንደሆነ እናትነሽ ገብቷታል።

ቀትር አለፍ እንዳለ አንዲት ጎረቤት ጠቀሰቻትና ወደ ጓሮ ወጣች። ሽባባው ከእንጨት ክምሩ ጀርባ ቆሟል። ከኪዳኑ ቀብር በኋላ ያየው ሰው አልነበረም፤ ፊቱ ከስቷል።

"እትዬ፣ የልጁን እናት አገኘኋት" አላት።

አዘና ገበያ ለገበያ እየዞረ፣ ጣቱ የጎደለ ልጅ የጠፋበት ሰው እንዳለ ቀስ ብሎ ሲያጠያይቅ ሰንብቷል። ሴትዮዋን በጋሪው ገበያው ዳር ድረስ አምጥቶ ከለቀስተኛ ጋር ተቀላቅላ እንድትገባ ነግሯታል። እንዳታለቅስ፣ ባዳ ለቅሶ ደራሽ መስላ ተቀምጣ እንድትወጣ አስምሏታል። ሁለቱ ሰዎች ድንኳኑ ውስጥ እንዳሉ እናትነሽ ስትነግረው ወደ እንጨት ክምሩ ሸሸት አለ። "እኔ አላወቅሁም" አለ፤ "አሁንማ ገብታለች።"

እናትነሽ ስትመለስ ሴትዮዋን ወዲያው ለየቻት። ከሴቶቹ መጨረሻ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ፣ እግሯን አጥፋ ተቀምጣለች። ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው። ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ከንፈሯን ነክሳለች። ካቶሊኮቹ ሴቶች መቁጠሪያቸውን ይዘው ጸሎት ጀምረው ነበር፤ ሌሎቹ ጎረቤቶች የእነሱን ጸሎት ባያውቁትም አንገታቸውን ደፍተው ጸጥ ብለዋል። በዚያ ጸጥታ መሐል የሴትዮዋ ድምፅ ተሰማ። መጀመሪያ በአዊኛ ነበር፤ ቀስ ያለ፣ ልጅ እንደሚያባብል ሰው። አዊኛ የሚያውቁት ዘወር ብለው አዩዋት። ከዚያ በአማርኛ ወጣባት።

"የኔ ሙሽራ፣ ዝናቡ ሲመታህ ማን አለበሰህ?"

ጸሎቱ ተቋረጠ። ኪዳኑ ጢሙ የሸበተ የስልሳ ዓመት ሰው ነው፤ ሙሽራ ብሎ የሚያለቅስለት የለም። የሞተውም ጠራራ ፀሐይ ላይ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል።

ከአግዳሚው ላይ አንደኛው ተነሣ። ሳይቸኩል መጥቶ እናትነሽ ፊት ቆመ።

"ይቺ ማን ናት?"

ኪዳኑ ቢሆን እውነቱን ይናገር ነበር። በዚያች ቅጽበት እሱ ታያት፤ ሥራ ቤቱ በር ላይ እጁን አንጠልጥሎ ቆሞ፣ እኔ ነኝ ሲል። ያኔ አንዲት ቃል አልዋሽላት ብሎ አዝናበት ነበር፤ ተቆጥታውም ነበር። አሁን ደግሞ አፏን ስትከፍት እሱን እንደምትክደው ያህል ተሰማት።

"የኪዳኑ እህት ናት" አለች።

ሰውየው ከእግር እስከ ራሷ አያት። ከዚያ ወደ አቶ ይኸነው ዞረ።

"አባቴ፣ ዳኛው እርስዎ ነዎት። ሟቹ እህት ነበረችው?"

ኪዳኑ ለእናቱ አንድ ነበር። አቶ ይኸነው ይህን ከማንም በላይ ያውቃሉ። አገጫቸውን ከዘራቸው ላይ አሳርፈው ቆዩ። ሽማግሌው ቀና ሲሉ የሰውየውን ዓይን አልሸሹም።

"አለችው እንጂ። አዘና ነው የተዳረችው። መንገዱ ተዘግቶባት ነው ለቀብሩ ያልደረሰችው።"

ማንም ያልጠበቀው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከሴቶቹ መሐል አንዷ፣ ኪዳኑን ከልጅነቱ የምታውቅ ጎረቤት፣ ደረቷን መታ "እህቱ መጣች" ብላ ጮኸች። ሌላዋ ተቀበለቻት። ከዚያ ድንኳኑ ባንድ ጊዜ ተነሣ፤ ካቶሊኩም ኦርቶዶክሱም እህቱ መጣች፣ እህቱ ደረሰች እያለ አለቀሰ። ሴትዮዋ በዚያ ሁሉ ድምፅ መሐል አፏን ከፍታ ልጇን በስሙ ጠራችው፤ ስሙን ግን ማንም አልለየውም።

ሰውየው ለቅሶው እስኪበርድ ድረስ ቆሞ ጠበቀ። ከዚያ ጓደኛውን ጠቅሶ ወጡ። ሩቅ አልሄዱም። ከመንገዱ ማዶ፣ የተዘጋ ሱቅ በረንዳ ላይ ዝናቡን ተጠልለው ወደ ድንኳኑ እያዩ ቆመዋል። ማታ እንደሚመለሱ፣ ነገም እንደሚመጡ፣ አንድ ቀንም አዘና ድረስ ሄደው እንደሚያጣሩ እናትነሽ አልጠፋትም። አቶ ይኸነውም አልጠፋቸውም።

እናትነሽ ሴትዮዋን ደግፋ አምጥታ ፍራሹ ላይ አጠገቧ አስቀመጠቻት። ሴትዮዋም ስሟ ሸጋ እንደሆነ ያን ጊዜ ነገረቻት። እናትነሽ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ፣ ልጇ በነጭ አንሶላ ተገንዞ፣ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አድርጎ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር እንደተኛ ነገረቻት። ዛሬ ልታየው እንደማትችልም ነገረቻት። ሸጋ ሁሉንም ሰማች።

"ጸሎት የደረሰለት ሰው ነበር?" አለች መጨረሻ ላይ።

"ኪዳኑ ራሱ ደርሶለታል" አለች እናትነሽ።

አዲስ ለቀስተኞች ገቡ፤ ጋቢያቸው ርሷል። እንደ ደንቡ ጎንበስ እያሉ ወደ ሟቹ ሚስት መጡ። እናትነሽ ከነበረችበት ፈቀቅ አለችና ቦታዋን ለሸጋ ለቀቀችላት። እጇን ጋቢዋ ውስጥ ሸሸገች፤ እነሱም የሸጋን እጅ ይዘው "እግዜር ያጽናሽ" አሉ።