ጋኑ የሞተ ዕለት

እማማ ኮንጋ የክሩን እስር ከቀለሙ ጋን አውጥተው ጨመቁና ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርገው ያዙት። አረንጓዴው ክር ነፋስ ሲነካው ቀስ እያለ ወደ ሰማያዊ መለወጥ ነበረበት። የአገሩን ቀለም አነካከር ሊማሩ ከኩዋላ ላምፑር ወደ ደሴቲቱ የመጡት አሥራ ሦስት ተማሪዎች ከጎጆው አጥር ውጭ ቆመው ስልካቸውን ደግነው ጠበቁ። ክሩ እንደ እጣቢ ግራጫ ሆኖ ቀረ። አሮጊቷ ጣታቸውን ነክረው አሸተቱ፤ ቀመሱና ተፉ።

"ሞቷል" አሉ።

አንዷ ተማሪ ሳቅ ብላ "ታዲያ ሌላ ይበጠበጣላ!" አለች። እንዲህ ቀላል አልነበረም። ጋኑ የእማማ ኮንጋ አማት የጀመሩት ነው፤ ሳይደርቅ እየተጨመረበት፣ በቅጠልና በተቃጠለ የዛጎል ኖራ እየተቀለበ እዚህ ደርሷል። ቅጠሉ ደግሞ ከሚመጣው ዝናብ በፊት አይገኝም። የእማማ ኮንጋ ባል ከሞቱ አሥራ አራት ወር ሆኗቸዋል፤ እንደ አገሩ ልማድ አስከሬናቸው ቤት ውስጥ ጥግ ላይ በጨርቅ እንደተጠቀለለ ይጠብቃል። የመጨረሻው ልብሳቸው ካልተሸመነ አይቀበሩም። የዚያ ልብስ ክር ነበር አሁን ከአሮጊቷ እጅ የሚንጠባጠበው።

ከተማሪዎቹ አንዷ ሌምባ ከሁሉም ኋላ ቆማ ትናንት የነከረችውን እጇን ከጀርባዋ ደበቀች።

ትናንት እዚሁ በር ላይ እማማ ኮንጋ እጃቸውን ዘርግተው መንገድ ዘግተው ነበር። "ወንድ አይገባም። ልጅ በሆዷ የያዘችም አትገባም፤ ጋኑ ይታመማል። የያዘች አለች?" ልጃገረዶቹ ተያይተው ተንከተከቱ። አሮጊቷ ግን አንድ በአንድ፣ ዐይን ዐይናቸውን እያዩ ጠየቁ። የሌምባ ተራ ሲደርስ መምህርቷ ሃሊማቶን ከትከሻዋ ኋላ ነበረች። "አልያዝኩም" አለች ሌምባ። የዘጠኝ ሳምንት እርጉዝ ነበረች። ገባች፤ እንደ ሌሎቹም እጇን እስከ ክርኗ ነከረች።

አላወቅኩም እንዳትል የኢባን ጎሣ ልጅ ናት። ከባሕር ማዶ ሳራዋክ ውስጥ ባደገችበት ቤትም ክር ቀለም ሲነከር እርጉዝ ትርቃለች። ኩዋላ ላምፑር ሄዳ የልብስ ዲዛይን ስትማር ይህን ሁሉ ተረት ብላ ትታዋለች። ዛሬም ተረት ነው ትላለች፤ ሆዷ ግን አያምናትም። ወጪዋን ችሎ የሚያስተምራት ድርጅት ያስፈረማት ወረቀት ሳታገባ ያረገዘች ትባረራለች ይላል። የልጁ አባት ስልኩን ከዘጋባት ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። ታዲያ ለአንድ የቀለም ጋን ብላ ሕይወቷን በር ላይ ትዘርግፈው?

እማማ ኮንጋ ተማሪዎቹን ለአፍታ ተመለከቱና ዐይናቸውን መለሱ። ለእንግዳ የሚቀርበውን የሚታኘክ ፍሬና ቅጠል ከእጃቸው የተቀበለ፣ በር ላይም ቃሉን የሰጠ እንግዳ አይጠረጠርም።

"ዮዋ!" ብለው ተጣሩ።

ዮዋ ምራታቸው ናት፤ ለጋኑ ውሃ እየቀዳች ከእንግዶቹ ሌላ ወደ ጎጆው የምትገባው እሷ ብቻ ናት። ባሏ ሬሂ የዘይት ዘንባባ እርሻ ላይ ሊሠራ ወደ ሳራዋክ ከሄደ ሁለት ዓመት ከሦስት ወሩ ነው። ባልዲዋን ይዛ መጣች።

"ማን ነው?" አሉ እማማ ኮንጋ።

"ምኑ?"

"የሆድሽ ባለቤት።"

ባልዲው ከእጇ ወደቀ። "እማማ ምን ነካዎት? ማንም የለም! ይኸው፣ ሆዴን ይዩት!"

"ሆድማ ቀስ ብሎ ነው አፍ የሚያወጣው" አለች አንዲት ጎረቤት አጥሩ ላይ ተንጠልጥላ። "ጋን ነው የማይደብቅ።"

"አንቺን ደግሞ ማን ጠራሽ?" አለቻት ዮዋ።

"ጩኸታችሁ ነዋ! ምስኪን ሬሂ እዚያ ወገቡ እየተቆረጠ..."

"ዝም በይ!" አሏት እማማ ኮንጋ። የተቆጡ አይመስሉም ነበር። የደከማቸው ይመስል ነበር።

የሟቹ ታናሽ ወንድም ኡምቡ ንዳይ ቤት ውስጥ ሆነው ሰምተውት ኖሮ ቀስ ብለው ወጡ። የሚሉት ቀድሞም ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ይመስል ለመናገር ጊዜ አልወሰደባቸውም። ዮዋ ዛሬውኑ አባቷ ቤት ትሂድ። አባቷ ስምንቱን የጥሎሽ ፈረስ ይመልስ። የአራት ዓመት ልጇ የቤቱ ልጅ ናት፤ እዚሁ ትቀራለች።

መምህርቷ ጣልቃ ገባች። "አባባ፣ ከተማ ጤና ጣቢያ አለ። ባምስት ደቂቃ ይታወቃል። እኔ ራሴ በመኪናችን እወስዳታለሁ።"

"እግዜር ይስጥሽ ልጄ" አሉ ኡምቡ ንዳይ በትሕትና። "ወረቀት በገንዘብ ይገኛል። ጋን ግን ጉቦ አይበላም።"

ዮዋ ዕቃዋን ልትሸክፍ ከቤቱ ኋላ ዞረች። ሌምባ ተከተለቻት። ለምን እንደተከተለቻት ራሷም አላወቀችም፤ መናገር ፈልጋ ይሁን፣ ይቅር እንድትላት ብቻ ፈልጋ ይሁን። ዮዋ የልጇን ቀሚስ እያጣጠፈች፣ መልሳ እየዘረጋች፣ እንደገና እያጣጠፈች ነበር።

"አንቺ ከሳራዋክ ነኝ ብለሻል" አለቻት ቀና ሳትል። "ሬሂም እዚያ ነው። አገሩ ሰፊ ነው?"

"ሰፊ ነው።"

"ስልክ ከደወለ አምስት ወሩ። አሁን እነሱ ይደውሉለታል። መጀመሪያ የሚሰማው ይሄን ነው።" ድምፅዋ ተሰበረና በሌምባ ትከሻ ላይ ወደቀች። ሌምባ አቀፈቻት። ጎረቤቶቹ ሁሉ በአጥሩ ቀዳዳ ያዩ ነበር።

ሌምባ ከመኪናው ጀርባ መምህርቷን አገኘቻት።

"ቲቸር፣ እኔ ነኝ። ትናንት የገባሁት..."

ሃሊማቶን እጇን አፏ ላይ ጫነችባት። "እንዳትጨርሺ። ከሰማሁ ለድርጅቱ መጻፍ አለብኝ፤ ካልሰማሁ ግን የሰማሁት ነገር የለም። ገባሽ?"

"ልጅቷን እኮ ከልጇ እየነጠሏት ነው!"

"ጋኑ የሞተው ኖራ በዝቶበት ነው፤ ወይ አሥራ ሦስት ሰው የሳሙና እጁን ነክሮበት። አንቺም አይደለሽ፣ እሷም አይደለች።"

"ይህን ይንገሯቸዋ!"

"ትመርመር አልኳቸው። መልሳቸውን ትሰሚ አልነበር?" መምህርቷ ፊቷን አዞረች። "ሌምባ፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አንድ ዓመት ነው የቀረሽ። ግቢ መኪና ውስጥ።"

ገባች። ሻንጣዋን እግሯ ሥር አድርጋ በመስኮቱ በኩል አየች። ዮዋ ቋጠሮዋን ተሸክማ ወጣች። ትንሿ ልጅ በሩ ላይ ቆማ ሙዝ ትበላ ነበር፤ እናቷ ገበያ የምትሄድ መስሏት "ለኔ ስኳር!" ብላ ጮኸች። ዮዋ "እሺ" አለቻት።

ይኼኔ ሌምባ ዘላ ወረደች። በግቢው መካከል፣ በእማማ ኮንጋ ፊት ቆመች።

"እኔ ነኝ እርጉዟ። ትናንት ሲጠይቁኝ ዋሽቻለሁ። ዮዋ ምንም የለባትም።"

አንዷ ተማሪ "አንቺ!" ስትል ከመኪናው ተሰማ። መምህርቷ ዐይኗን ጨፈነች።

እማማ ኮንጋ ትኩር ብለው አዩዋት። ቢያምኗት ይቀላቸው ነበር ይሆናል፤ ወይም ይብስባቸው ነበር። ካመኗት ጋኑን የገደለችውን በገዛ እጃቸው አስገብተው፣ የባላቸውን ቀብር ያስቀሩት እሳቸው ሊሆኑ ነው።

"ትናንት ዐይኔን አይተሽ አልያዝኩም አልሽኝ" አሉ።

"ፈርቼ ነው። ዋሸሁ።"

"እንግዳ በር ላይ አይዋሽም ልጄ።"

"ይኸው ዋሽቻለሁ እያልኩ እኮ ነው!"

"ዮዋ አቅፋሽ ስታለቅስ አይተናል" አሉ ኡምቡ ንዳይ ለስለስ ባለ ድምፅ። "ለምናሻለች። አንቺም ልብሽ ሩኅሩኅ ነው፤ ተሸከምሽላት። ይገባናል።"

"ከተማ እንሂድና መርምሩኝ!"

"አንቺ እርጉዝ ብትሆኚስ? የእሷን ሆድ ባዶ ያደርገዋል?" አለች ጎረቤቲቱ። ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ።

ጠዋት፣ ገና ክሩ ሲንጠባጠብ ብትናገር ያምኗት ይሆን ነበር። ያመነታችባቸው ጥቂት ሰዓታት እውነቱን ምጽዋት አስመስለውታል። ሌምባ ይህን ስትረዳ እንባዋ እንኳ አልመጣም። እማማ ኮንጋ ግራጫውን ክር ትከሻቸው ላይ እንደጣሉ ወደ ቤት ገቡ፤ ባላቸው ወዳሉበት ጥግ።

ሃሊማቶን አጠገቧ መጥታ ቆመች። "ሁሉም ሰምተዋል" አለች፤ ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም። "መጻፌ አይቀርም። ነይ፣ መርከቡ ያመልጠናል።"

ዮዋ አጥሩን አልፋ ቀዩን የአፈር መንገድ ይዛለች። ዞር ብላ አላየችም። ሌምባ መኪናው ላይ ወጥታ ሻንጣዋን ስታነሣ ጓደኞቿ እግራቸውን ሰብስበው መንገድ ለቀቁላት። ወርዳ ሮጣ ዮዋ ላይ ደረሰች።

"የት ነው የምትሄጂው?" አለቻት ዮዋ።

"አባትሽ ቤት።"

"በእግር ስድስት ሰዓት ነው። አባቴም አያምንሽም። እንዲያውም ይብስብኛል፤ የምትዋሽላት ሰው ለምና አመጣች ይላል።" ዮዋ እንባዋን በክንዷ ጠረገች። "ተመለሽ። መኪናሽ ይሄዳል።"

ከኋላቸው የመኪናው ጡሩንባ ሁለት ጊዜ ጮኸ። ሌምባ ሻንጣዋን በጀርባዋ አዘለችና የዮዋን ቋጠሮ አንድ ጫፍ ያዘች።

"አያምኑኝም" አለች። "ግን የስድስት ሰዓት መንገድ ነው፤ ብቻሽን አትሂጂ።"