ከሽማግሌ የተደበቀች

ሊሊሴን ለጋብቻ የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ሊመጡ ሁለት ሰዓት ሲቀራቸው፣ ታላቅ እህቷን ድርቤን አባታቸው ነቀምቴ መናኸሪያ ወስዶ ሚኒባስ ላይ ጫናት። ልክ እንደ ዕቃ! ሲሬ ከተማ አክስቷ ዘንድ ሰንብታ እንድትመጣ ነው። ጉልበቷ አብጦ አልታጠፍ ብሏል፣ ትኩሳቱም በየቀኑ ይመላለስባታል፤ ለዚህ ግን ማን ግድ አለው?

«ሽማግሌ ዘር ቆጥሮ ነው ልጅ የሚጠይቀው» አላት አባቷ ቢራቱ። «አንቺን ካዩሽ ሊሊሴን ማን ያገባታል?»

ይኼ ሰው እኮ ሐኪሙ ሲናገር አጠገቧ ተቀምጦ ነበር! ስቲል የሚባል ብዙም የማይታይ የመገጣጠሚያ በሽታ እንደሆነ፣ መነሻው በውል እንደማይታወቅ፣ ከወላጅ ወደ ልጅ ሲወርድ እንደማይታይ፣ በአንድ ቤተሰብ ሁለት ሰው መያዙም እጅግ አልፎ አልፎ እንደሆነ ሰምቷል። ራሱን እየነቀነቀ ነው የሰማው። ቤቱ ሲገባ ግን የሐኪሙን ቃል ትቶ የጎረቤት ሐሜት ፈራ።

ሚኒባሱ ሳይሞላ ብዙ ቆይቶ ረዳቱ «ሲሬ! ሲሬ! አንድ ሰው!» እያለ ሲጮህ የድርቤ ደም ፈላ። ምን ሰርቃ ነው የምትደበቀው? እየተንፏቀቀች ወረደችና ባጃጅ ይዛ ወደ ሰፈራቸው ቡርቃ ጃቶ ተመለሰች።

ቤታቸው ሳሎን ውስጥ አራት ሽማግሌዎች ተደርድረዋል። ድርቤ በሩ ላይ ቆማ «አካም ጂርቱ» ብላ ሰላምታ ሰጠች።

«ይህችስ ማን ናት?» አሉ የሽማግሌዎቹ መሪ ኦቦ ዋቅወያ።

«የጎረቤት ልጅ ናት» አለ አባቷ ቶሎ ብሎ።

ሊሊሴ አንገቷን ደፋች። ድርቤ አዝላ ያሳደገቻት ያቺ ሊሊሴ!

«የበኩር ልጁ ነኝ» አለች ድርቤ ግድግዳውን ተደግፋ። «ታምሜአለሁ። በዘር የሚወርድ አይደለም ብሎናል ሐኪሙ፤ አባቴም ሰምቷል። ካላመናችሁ ሄዳችሁ ጠይቁት። ደግሞስ ቢወርድ ኖሮ? ሰው አይደለሁም?»

ዋቅወያ ከዘራቸውን ይዘው ተነሡ። «ቢራቱ፣ የበሽታውን ነገር ሐኪሙን እንጠይቃለን። ልጁን ከካደ አባት ግን ልጅ አንጠይቅም። ይቅርታ ጠይቃት፤ እሷ ይቅር ካለችህ እንመለሳለን።»

ሊሊሴ ማልቀስ ጀመረች። ቢራቱ ላቡን ጠረገ፤ ወደ ድርቤ ጠጋ ብሎም በሹክሹክታ «ይቅር በይኝ፣ ልጄ» አላት።

ድርቤ ከግድግዳው ተላቀቀች።

«አልሰሙህም» አለችው። «‹ልጄ› ያልከውን ጮክ ብለህ በለው!»