በሞቴ የማይለው ባቡር

ባሌ ውቤ ጡረታ ሲወጣ አርፎ መቀመጥ ያውቅበታል ብዬ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ እዚሁ እንጅባራ ፊዚክስ ሲያስተምር የኖረ ሰው ነውና፣ ከእንግዲህ ጋቢውን ተከናንቦ በመስኮት ጉም ሲያይ ይውላል አልኩ። እሱ ግን አንድ ቀን ጠዋት ሳሎኑ መሃል ቆሞ ግድግዳውን ሁሉ ከቃኘ በኋላ፣ በሳሎናችን ዙሪያ የባቡር ሐዲድ ሊዘረጋ መወሰኑን ነገረኝ። ባቡር በእኛ አገር በኩል አያልፍም፤ ስለዚህ በእኛ ቤት በኩል እንዲያልፍ ፈለገ። ይህ ሰው አብዷል አልኩ፣ ከሶፋው ሳልነሣ። ያልተነሣሁት ንቄው አይደለም፤ ጉልበቴ አላስነሣ ብሎኝ ነው።

ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚሁ ጉልበቴ ነው። የማርያም ማኅበር አለን። በየወሩ በየተራ እንደግሳለን፤ የእኔ ተራ በዓመት አንዴ ይደርሳል። አምና ተራዬ ደርሶ ሳስተናግድ ጉልበቴ ሳሎን መሃል ከዳኝና ሳህን እንደያዝኩ ተገትሬ ቀረሁ። ያኔ ስሜነሽ ብድግ ብላ ሳህኑን ከእጄ ተቀበለችና "አንቺ ተቀመጪ" አለችኝ። ስሜነሽ ጎረቤቴ ናት። ክፋት የለባትም፤ ግን ደግነቷን ሰው እንዲያይላት ትወዳለች። ከዚያ ወዲህ ከቤተ ክርስቲያን በወጣን ቁጥር ተራዬን ለእሷ እንድለቅላት፣ እኔ እንግዳ ሆኜ ብቻ እንድመጣ ስትመክረኝ ከረመች። ሠራተኛ ቅጠሪ ያሉኝም ነበሩ። በገዛ ቤቴ እንግዳ ከምሆን ማኅበሩ ቢቀርብኝ ይሻለኛል። አንድ ቀን ታዲያ ደሜ ፈላና ማኅበርተኛው ሁሉ እየሰማ፣ ዘንድሮ ራሴ ካላስተናገድኩ ተራውን ውሰጂው አልኳት። ቃሉ ከአፌ እንደወጣ ቆጨኝ፤ ግን ወጥቷል።

ውቤ ይህን ሰምቶ ነው ለካ ግድግዳ ሲቃኝ የከረመው። አዲስ አበባ ያለችው ልጃችን ቤዛዊት ባባቷ ትእዛዝ አንድ ትልቅ ካርቶን በአውቶብስ ላከችለት። ከካርቶኑ ውስጥ ክንድ የሚያህል የአሻንጉሊት ባቡር ወጣ፤ ከነፉርጎዎቹ፣ ከነሐዲዱ፣ ሽቦው እንደ ሐረግ እየተጎተተ። ሰውዬው እኔን ያገባ ዕለት እንኳ እንደዚያ ሲደሰት አላየሁትም።

ዕቅዱን በአሮጌ የቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ ነደፈ። መጀመሪያ ሐዲዱ ወለሉ ላይ ይሁን አለ። የማኅበርተኛው ጫማ ከነጭቃው ይረግጠዋል አልኩት። ቀጥሎ ግድግዳው ላይ፣ ከፎቶዎቻችን በላይ አደረገው። የሚመጣው ሰው እንጂ ቀጭኔ አይደለም አልኩት። በመጨረሻ የሚያስማማ ነገር ተገኘ፤ የባሕር ዛፍ ጣውላ አሰንጥቆ፣ ከሶፋዎቹ ፊት ለፊት በተቀማጭ ሰው እጅ ልክ ሊዘረጋው ሆነ። በሩ ላይ ሲደርስ ጣውላው እንደ ኬላ ይነሣል፤ ሰው ይገባል፤ ጣውላው ተመልሶ ይወርዳል።

የተጣላነው ቡፌው ላይ ነው። ቡፌዬ ከሠርጌ ጀምሮ ከቦታው ንቅንቅ ብሎ አያውቅም፣ ሐዲዱ ደግሞ በእሱ በኩል ካላለፈ አይዞርም። ውቤ ቡፌው ዋሻ ይሁን አለ። ዋሻ ሲለኝ ቃሉን እንኳ መስማት አልፈለግሁም። በቡፌዬ ሆድ ባቡር ላሳልፍ? ተኳረፍን፤ እሱ ከቡፌው፣ እኔ ከእሱ ዐይናችንን ሳንነቅል ሰነበትን። መለሳለስ የጀመርኩት እኔ ነኝ፤ የማኅበሩ ቀን እየቀረበ ነበርና። ብርጭቆዎቼን እንዳይነካ ተማምለን የታችኛው መደርደሪያ ግራና ቀኙ ተቀደደ።

ከዚያ ጣቢያዎቹ መጡ። እያንዳንዱ እንግዳ የሚቀመጥበት ቦታ አንድ ጣቢያ ነው፤ በዙሪያችን ባሉ ከተሞች ስም የሰየማቸው ውቤ ነው። ጫግኒ፣ ግምጃ ቤት፣ ዳንግላ፣ ቲሊሊ፣ ጥርባ እያለ ሄደ። እንጅባራ ጓዳው በር ላይ፣ እኔ የምቀመጥበት ወንበር አጠገብ ሆነ። እኔ ተቀምጬ ሳህኑን ፉርጎው ላይ እጭናለሁ፤ ባቡሩ ከሐዲዱ ሥር በተቀበረው ማግኔት ጣቢያውን እያወቀ በራሱ ይቆማል፣ ትንሽ ይጠብቃል፣ ያፏጫል፣ በራሱ ይሄዳል። ውቤን ያኮራው ይህ በራሱ የሚለው ነገር ነው። የሰው እጅ እንዳይነካው ብሎ ክረምቱን ሙሉ አልተኛም።

ሙከራውን በተቀቀለ ድንች አደረግነው። ውቤ እንደ እንግዳ ሆኖ ከጣቢያ ጣቢያ እየተዘዋወረ ተቀመጠ፣ እኔ ጫንኩ። ድንቹ ጫግኒ ደረሰ፤ ውቤ በላው። ቲሊሊ ደረሰ፤ እሱንም በላው። አንድም ጊዜ ሳይሳሳት ዞረ። በደስታ ስቄ ስቄ ጎኔን ያዝኩ፤ ስሜነሽ ምን እንደምትል እያሰብኩ። ያኔ አንድ ነገር ማስተዋል ነበረብን፤ ውቤ የሚበላ ነገር ሲቀርብለት እምቢ ብሎ የማያውቅ ሰው ነው።

የማኅበሩ ዕለት ዝናቡ ከጠዋት ጀመረ። ማኅበርተኛው ጃንጥላውን በረንዳ ላይ እያስቀመጠ ገባ። የማኅበሩ ቄስ መምሬ ማስተዋል ኬላው ተነሥቶላቸው ሲያልፉ ፍተሻ አለ ወይ ብለው ጠየቁ። ውቤ ሁሉንም በየጣቢያው አስቀመጠ። ስሜነሽ ግምጃ ቤት ሲደርሳት "አማቶቼ ያሉበት አልቀመጥም" ብላ ዳንግላን ጠየቀች። ዳንግላ የተቀመጠችው አምሳለ ደግሞ ወይ ፍንክች አለች። ብዙ ከተሣቀ በኋላ ስሜነሽ ለዛሬ ብቻ ብላ አማቶቿ ዘንድ ተቀመጠች።

መምሬ ጸሎቱን አድርሰው፣ ዳቦውን ባርከው በእጃቸው አደሉ፤ ጽዋው ዞረ። ከዚያ የእኔ ሰዓት ደረሰ። በሥጋ ወጥ የተጠቀለለ እንጀራ በየሳህኑ አድርጌ ፉርጎዎቹ ላይ ጫንኩ። ውቤ ማስነሻውን ተጭኖ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ። ባቡሩ ሲነሣ ሰዉ ሁሉ በአድናቆት ተንጫጫ፤ እኔም በወንበሬ ላይ ቀና አልኩ።

ጫግኒ፣ መምሬ ፊት ቆመ። መምሬ ሳህኑን አዩት፣ ፈገግ አሉ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው "ለእኔ ይቆየኝ" አሉ። የጨዋ ሰው ደንብ ነው። እኛ ዘንድ ሰው ገና ሲቀርብለት አፈፍ ካደረገ ርሃብተኛ ይባላል። መጀመሪያ ይቆየኝ ይላል፣ ቀጥሎ በቃኝ ይላል፣ ከዚያ በሞቴ ተብሎ ሲለመን እንደተገደደ ሆኖ እጁን ይዘረጋል። ባቡሩ ይህን የት አውቆት። መምሬ ይቆየኝ እንዳሉ እሺ ያለ ይመስል አፏጭቶ ሄደ።

መምሬ ሳይበሉ ደግሞ ማን ይበላል። ስሜነሽ ሳህኑን በጣቷ ገፋ አድርጋ መለሰችው። አምሳለ በነጠላዋ አፏን ሸፍና አንገቷን ነቀነቀች። ባቡሩ ቡፌው ሆድ ገብቶ ወጣና እንደተጫነ እኔ ዘንድ ተመለሰ። ሁለተኛ ዙር ላክሁት። የሁሉም ዐይን ሳህኑን እየተከተለ እስከ ዋሻው ድረስ ይሸኘዋል፤ እጁን የዘረጋ ግን አልነበረም። በሦስተኛው ዙር ውቤ ላብ አጠመቀው። "ውሰዱ እንጂ፣ ሊነሣ ነው" እያለ እንደ አውቶብስ ረዳት ይጣራ ጀመር። ሳቁበት እንጂ የወሰደ የለም። ወጡ እየበረደ ነው።

ይኼኔ ስሜነሽ ብድግ አለች። እጅጌዋን ሰብሰብ አድርጋ ወደ እኔ እየመጣች፣ በዚያ በለስላሳ ድምፅዋ፣ "እንቁ፣ በቃ እኔ ላቅርብልሽ" አለችኝ። እጇ ሳህኑን ከነካ ተራዬ ሄደ፤ ከዚህ በኋላ በየሰው ቤት ጥግ ይዤ የምቀመጥ አሮጊት መሆኔ ነው።

"ተቀመጪ፣ ስሜነሽ" አልኳት። ካሰብኩት በላይ ጮኬ ነው መሰለኝ ቆመች። ከዚያ ወደ ውቤ ዞሬ ባቡሩን አቁመው አልኩት።

"በራሱ ነው እኮ የሚሠራው" አለኝ።

"እንግዲያው አሁን በእኔ ይሥራ።"

የክረምት ልፋቱን በሰው ፊት አፍርሰው ማለቴ ነበር፤ እሱም ገብቶታል። ፊቱ ኩምሽሽ ሲል አንጀቴን በላው፤ ግን የማባብልበት ጊዜ አልነበረኝም። ከኮቱ ኪስ ለሙከራ ጊዜ የሠራትን ትንሽ መቆጣጠሪያ አውጥቶ መዳፌ ላይ አኖራት። ስትጫኚ ይሄዳል፣ ስትለቂ ይቆማል አለኝ በሹክሹክታ። ስሜነሽ ወደ አማቶቿ ተመለሰች።

ወጡን አጠገቤ ባለው ምድጃ አሙቄ እንደገና ጫንኩ። ባቡሩን ጫግኒ አቆምኩት።

"መምሬ፣ ይብሉልኝ።"

"ይቆየኝ፣ ልጄ።"

ባቡሩ አልተንቀሳቀሰም። "በሞቴ" አልኳቸው።

"ኧረ አንቺን ክፉ አይንካሽ። በቃኝ።"

"እርስዎ ካልወሰዱ ከጫግኒ አይነሣም።"

ሰው ሁሉ ወደ መምሬ ዞረ። የጨዋ ደንብ መጠበቅ አንድ ነገር ነው፤ ከኋላ የተሰለፈ ርሃብተኛ ማስቆም ሌላ። አምሳለ ከዳንግላ ሆና መምሬ መንገድ ዘጉብን እኮ አለች። መምሬ እየሣቁ ሳህኑን አነሡ፤ በእፎይታ ይሁን በርሃብ እንጃ፣ ቶሎ ጎረሱ።

ከዚያ ማን ይቻለኝ። አንዱን በሞቴ፣ አንዷን አፈር ስሆን፣ ሌላዋን በልጆችሽ እያልኩ ከጣቢያ ጣቢያ ሄድኩ። ስሜነሽ ክብሯ ነውና ከሁሉም በላይ ተግደረደረች። እኔም ጣቴን ከመቆጣጠሪያው አንሥቼ ባቡሩን ፊቷ ገተርኩት። የቲሊሊና የጥርባ ተሳፋሪዎች መኪና እንደተበላሸበት ሰው ማጉረምረም ጀመሩ፤ አንዷማ በአዊኛ የማልደግመውን ተናገረች። ስሜነሽ ወሰደች። አንድ ድገሚ አልኳት፤ ደገመች። እግሬ ሳይነሣ ሁሉም ሰው ዘንድ ደረስኩ፤ በጤናዬ ዘመን እንኳ እንደዚያ ቀን ጠግቦ የወጣ እንግዳ አልነበረኝም።

ሊበተኑ ሲሉ መምሬ ቆመው መረቁ። የዓመት ሰው ይበለን አሉ፤ ለከርሞም እዚሁ እንቁ ቤት በሰላም ያድርሰን አሉ። ቃሌን ሁሉም ሰምቶታል፤ ያስተናገድሽው አንቺ ነሽ ወይስ ባቡሩ ብላ ልትከራከረኝ የምትችለው ስሜነሽ ናት። ሁሉም የእሷን አፍ ጠበቀ። ስሜነሽ ከንፈሯን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ከሁሉም ቀድማ "አሜን" አለች።

አለቀስኩ። ሰው እያየኝ፣ እንደ ልጅ፣ ከደስታ ብዛት አለቀስኩ። ውቤ መጥቶ አጠገቤ ቁጢጥ አለና ያስለቀሰኝ የባቡሩ መበላሸት መስሎት ያጽናናኝ ጀመር። ጥፋቱን አግኝቶታል፤ ቀላል ነው፤ ለከርሞ ድምፄን ቀርፆ ፉርጎው ላይ ይገጥመዋል፤ ባቡሩ በየጣቢያው ቆሞ በራሱ በሞቴ ይላል። ይህን ብሎ መቆጣጠሪያዋን ለመቀበል እጁን ዘረጋ።

"እኔ እያለሁ?" አልኩት፤ አልሰጠሁትም።